አዛምኪርሸን እንዴት መጎብኘት ይቻላል? በሙኒክ ሱቆች መሃል ለተሸጎጠችው ትንሽ ቤተክርስቲያን የተዘጋጀ መመሪያ

ሙኒክ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ «አዛምኪርሸን ሳታይ እንዳትሄድ» ማለት አመል ሆኖብኛል። ከዚያ በኋላ ስልኬ አያርፍም። ጫማ ይወልቃል? ነጠላ ያስፈልጋል? ፎቶ ይከለክላሉ? መግቢያው ስንት ነው? «በመንገዱ ሁለቴ ተመላለስኩ፣ ቤተክርስቲያን የሚባል ነገር የለም» የሚለኝም አለ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን «አየኋት፣ ቆንጆ ናት፣ አምስት ደቂቃ በቃኝ» የሚለው ነው። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ልጻፈውና ከአሁን በኋላ ለሚጠይቀኝ ይህንኑ ልላክለት።

ለማታውቋት በአጭሩ። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ናት። የተሰየመችው በቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ ነው፤ ሰው ግን የሚያውቃት በሠሯት ወንድማማቾች ስም ነው። ኮስማስ ዳሚያን አዛም ሠዓሊ ነበር፣ ኤጊድ ኲሪን አዛም ደግሞ ቀራጭና የጀሶ ባለሙያ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1733 እስከ 1746 ባለው ጊዜ የተሠራች ናት። ርዝመቷ 22 ሜትር፣ ስፋቷ 8 ሜትር ብቻ ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የባሮክ ዘመን (በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የነበረ፣ ጌጥ የሚያበዛ ስልት) ጥበብ ያለ የሌለውን አራግፎባታል። ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ግድግዳ የለም። ለዚህ ነው ዝም ብሎ ገብቶ መውጣት የማይሆነው፤ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚታይ ካላወቃችሁ ሁሉም ነገር ወርቅና ግርግር ሆኖ ያልፋችኋል።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- ሳንቲም። ለሻማና ለመዋጮ ሣጥን። ካርድ ብቻ ይዞ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው።
- ትንሽ የእጅ መስታወት። ጣሪያውን አንገት ሳይታመም ለማየት ነው። ከሌላችሁ የስልካችሁ የፊት ካሜራ ይሠራል።
- አነስ ያለ አቅርቦ ማያ መነፅር፣ ካላችሁ። የላይኞቹ ምስሎች በባዶ ዓይን ድፍን ብለው ነው የሚታዩት።
- ሞቅ ያለ ልብስ፣ በተለይ በክረምት። ወፍራም ግድግዳ ያለው አሮጌ ሕንፃ ቅዝቃዜ ይይዛል፤ እናንተ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ነው የምታሳልፉት።
- ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ከፈለጋችሁ። ማንም አይጠይቃችሁም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይበቃል።
- ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አትያዙ። ከያዛችሁም ከፊታችሁ አንጠልጥሉት። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ዞር ስትሉ ከኋላችሁ ያለውን ቅርፅ ልትገጩ ትችላላችሁ።

ለመግቢያ ገንዘብ አታዘጋጁ። በነፃ ነው።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ

ከሁሉም በፊት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የዚህች ቤተክርስቲያን ግማሽ ውበት ከብርሃን ነው። የለመድነው መሠዊያ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው። እዚህ ተገልብጧል፤ መሠዊያው በምዕራብ፣ በሩ በምሥራቅ በኩል ነው። ወንድማማቾቹ ማንም ሳያዛቸው ለራሳቸው ስለሠሯት እንደ ልባቸው ነው የሆኑት። ለእናንተ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የጠዋት ፀሐይ ከበሩ በላይ ባለው ትልቅ መስኮት ገብታ ወደ መሠዊያው ትሄዳለች። ስለዚህ ጠዋት ሂዱ፣ ሰማዩ የጠራ ቢሆን ደግሞ እሰየው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ የታችኛው ክፍል ጨለም ይላል።

የመክፈቻና የቅዳሴ ሰዓት በሩ ላይ ተለጥፏል። ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ አንድ ማሳሰቢያ፦ 9:00 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ቀጠሮ እንደተበላሸ አልነግራችሁም።

ቅዳሜ ሠርግ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ። በሥራ ቀን ጠዋት ከሁሉም ይሻላል።

2. ዜንድሊንገር ቶር ድረስ በምድር ባቡር ሂዱ

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ኡ 1 ወይም ኡ 2 ያዙ። አንድ ፌርማታ ብቻ ነው። ከማሪየንፕላትዝ (ከከተማው ዋና አደባባይ) ከሆነ ደግሞ ኡ 3 ወይም ኡ 6፣ እሱም አንድ ፌርማታ። ከማሪየንፕላትዝ በእግርም ይደረሳል፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ወደ ባቡሩ ከመውረዳችሁ በፊት ማሽኑ ላይ አስመቱት። መግዛት ብቻውን አይበቃም። ያልተመታ ትኬት ይዞ የተገኘ ሰው ትኬት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው፤ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። «እንግዳ ነኝ፣ አላወቅኩም» ብሎ ተቆጣጣሪ ማራራት አይሞከር።

ከመሬት በታች ስትወጡ በቀይ ጡብ የተሠራ አሮጌ የከተማ በር ታያላችሁ። በበሩ ውስጥ አልፋችሁ ዜንድሊንገር ሽትራሰ ወደሚባለው የእግረኛ መንገድ ግቡ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ብትራመዱ ነው፣ በግራ በኩል ትገኛለች።

መፀዳጃ ቤት የምትፈልጉ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ።

3. ወዲያው አትግቡ፤ ማዶ ተሻግራችሁ ቁሙ

ሰው የሚያልፋት ለዚህ ነው። ግቢ የላትም፣ አደባባይ የላትም፣ የሚታይ ደወል ቤት የላትም። ከግራና ከቀኝ ካሉት ቤቶች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቃ ነው የቆመችው። መለያዋ ፊቷ ነው፤ ወደ መንገዱ ለስለስ ብሎ ገፋ ያለ ነው፣ እግሯ ሥር ደግሞ ያልተጠረበ ድፍን አለት አለ። ከተራራ ተፈንቅሎ የመጣ የሚመስል ድንጋይ በሱቆች መሃል ካያችሁ ደርሳችኋል።

በሩ በላይ ያለው ምስል ቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ ነው። ታሪኩን እዚሁ ያዙት፤ ውስጥ ስትገቡ ይጠቅማችኋል። በፕራግ የነበረ ካህን ነው። ትውፊቱ እንደሚለው የንግሥቲቱ ነፍስ አባት ነበር። ንጉሡ ሚስቱ የተናዘዘችውን እንዲነግረው ቢጠይቀው እምቢ አለ። በ1393 ከድልድይ ላይ ወንዝ ተወርውሮ ሞተ። ስለዚህ የኑዛዜን ምሥጢር የጠበቀ ቅዱስ ተብሎ ይከበራል። ድልድይ፣ ውኃ፣ ከራሱ ዙሪያ አምስት ኮከብ ካያችሁ እሱ ነው።

ከቤተክርስቲያኗ በስተግራ ያለውን በጀሶ ቅርፅ ያጌጠ ቤትም እዩት። ኤጊድ ኲሪን የሚኖረው እዚያ ነበር። ከቤቱ ወደ ቤተክርስቲያኗ የሚያሳይ መስኮት ነበረውና ከዚያው ሆኖ መሠዊያውን ያይ ነበር። ሰው ለራሱ ሲሠራ እንዲህ ነው!

4. መግቢያው ላይ ቆም በሉ

በሩን እንዳለፋችሁ ትንሽ መግቢያ ክፍል አለ፤ ከዚያ የብረት ፍርግርግ፣ ከዚያ ዋናው ክፍል። ብዙ ሰው ፍርግርጉን እያየ ይህን ክፍል ይዘለዋል። አትዝለሉት። በወርቅ የተቀባ አፅም ፈልጉ። ሞት ነው። እጁ ላይ መቀስ አለ፣ ከመቀሱ አፍ ላይ ደግሞ የሕይወት ክር። ሊቆርጠው ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከቦታው አልነቃነቅ ይላል።

ሥርዓቱን በሚመለከት፦ ጫማ አይወልቅም። ወንዶች ኮፍያ ያወልቃሉ። ወንድና ሴት ለየብቻ አይቀመጥም። መግቢያ ላይ ትንሽ የጠበል ገንዳ ካያችሁ ካቶሊኮች ጣታቸውን ነክረው ያማትባሉ፤ እናንተ ባትፈልጉ ማንም አያስገድዳችሁም። እንደለመዳችሁት መሳለም ብትፈልጉም የሚከለክል የለም፣ ግን መንገድ አትዝጉ።

5. ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን ጠብቁት

ፍርግርጉ ክፍት ከሆነ ግቡና ከኋላ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ። ስልክ አታውጡ። ከደማቅ መንገድ የመጣ ዓይን ደብዛዛ ክፍል ለመልመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ እስኪለምድ ድረስ የምታዩት ወርቅ ወርቁን ብቻ ነው፣ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ይቀርባችኋል። አምስት ደቂቃ አይቶ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ሳይከፈት ነው የወጣው።

እየጠበቃችሁ ዙሪያችሁን ካያችሁ አይቀር የወንበሮቹን ጫፍ ተመልከቱ። ከመግቢያው በኩል ባሉት ላይ የሰይጣን ፊት ተቀርጿል፣ ጥርሱን አግጦ።

6. ከታች ወደ ላይ አንብቡ

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ይህ ደረጃ ነው። ክፍሉ በሦስት እርከን የተሠራ ነው፤ ከታች ወደ ላይ እየበራ ይሄዳል። ሰው እንደገባ ዓይኑ ወደ ጣሪያው ይሮጥና እዚያው ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ታች ሲመለስ ሁሉም ጨለማ ይሆንበታል። እናንተ ተቃራኒውን አድርጉ።

መጀመሪያ ወንበራችሁ ያለበትን የታችኛውን እርከን እዩ። ሆን ተብሎ የጨለመ ነው። የዚህ ዓለም መከራ ነው፣ የምእመኑ ቦታ። እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ፤ ከቸኮላችሁ የሚቀጥለው አይሠራም።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ወደ ሰገነቱ አንሡ። ነጭና ሰማያዊ ይበዛል፣ ብርሃኑም ይጨምራል። ይህ ለንጉሠ ነገሥቱ የተተወ እርከን ነው። ሁለቱን እርከኖች የሚለየውን ክፈፍ በዓይናችሁ ተከተሉት፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋል። ክፍሉ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው በእሱ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ጣሪያው። ይህ የእግዚአብሔርና የዘላለም ነው። ብርሃን አለ፣ መስኮቱ ግን አይታይም። እንዴት? መስኮቶቹ ከክፈፉ ጀርባ ስለተደበቁ ነው። ከተቀመጣችሁበት የምታዩት ውጤቱን ብቻ ነው።

7. አሁን ወደ መሠዊያው ቅረቡ

በመሃል መተላለፊያ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ሰው እየጸለየ ከሆነ ከፊቱ አትቁሙ፣ በጎን እለፉ።

ከመሠዊያው ዙሪያ አራት የተጠማዘዙ ዓምዶች አሉ። ሮም ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ውስጥ ጣሊያናዊው ቀራጭ በርኒኒ የሠራቸውን ዓምዶች ለማስታወስ የቆሙ ናቸው፤ ሮም የሄደ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። በመሠዊያው ላይ የመስታወት ሣጥን አለ፣ ውስጡ የቅዱሱ ምስል ተጋድሟል። ከሰም የተሠራ ነው። «አፅሙ ነው እንዴ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይደለም ነው።

ከዚያ ወደ ላይ እዩ። አብ፣ የተሰቀለውን ወልድን ይዞ፣ በስተጀርባው ብርሃን ይፈነጥቃል። ከኋላው የተደበቀ መስኮት አለ። ደመና ሲያልፍ ምስሉ ደብዘዝ ይላል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይበራል። ይህንን ለማየት ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቁ መቆየት አለባችሁ። ደረጃ 1 ላይ በጠራ ቀን ሂዱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንም ነገር አትንኩ። እንደ እብነበረድ የሚያብረቀርቁት ሁሉ ድንጋይ አይደሉም። በባሮክ ዘመን ጀሶ ከሙጫና ከቀለም ጋር ተቦክቶ፣ ከደረቀ በኋላ ተፈግፍጎ እብነበረድ ይመስል ነበር። ጀሶ ደግሞ የእጅ ቅባትና ላብ ይመጥጣል። የወርቅ ቅቡም ቢሆን ከወረቀት የቀጠነ ነው። የአንድ ሰው ጣት ምንም አያመጣም፣ ቀኑን ሙሉ የሚገባው ሰው ሁሉ ከነካ ግን ያልቃል።

8. ጣሪያውን በመስታወት

ከመሃል ቁሙ፣ መስታወቱን እምብርታችሁ አካባቢ አግድም ያዙት፣ ወደ ታች እያያችሁ ጣሪያውን አንብቡ። ሥዕሉ የቅዱሱ ሕይወት ነው፣ የኮስማስ ዳሚያን ሥራ። ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ሌላው ተጓዙ። የምትረግጡትን ግን እያያችሁ፤ መስታወት ይዞ የሚራመድ ሰው ወንበር ይመታል። አንገት ወደ ኋላ ቀልብሶ መቆም ያዞራል፣ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ። ለእናት ለአባታችሁ መስታወቱን ስጧቸው፣ ተቀምጠው ያዩታል።

9. ጎንና ጎኑን አትርሱ

የኑዛዜ ሣጥኖቹ ሰባት ናቸው። ምሥጢር በመጠበቁ ለሞተ ቅዱስ በተሰየመ ቤተክርስቲያን ውስጥ ይህን ያህል መብዛታቸው አይገርምም። በላያቸው ያሉትን ቅርፆች እዩ፣ በሩን ግን አትክፈቱ፤ ውስጥ ሰው ሊኖር ይችላል።

ከስብከት ሰገነቱ ፊት ለፊት ያለውን ስቅለትም ፈልጉ። በባሮክ ቤተክርስቲያናት ሰባኪው ቀና ብሎ እንዲያየው ከፍ ተደርጎ ነው የሚሰቀለው። እዚህ ዝቅ ብሏል። ይህም ከወንድማማቾቹ የራስ ፈቃድ አንዱ ነው።

10. ፎቶ፣ በመጨረሻ

በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩና ካልተከለከለ አንሡ። ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ የሚጸልየውን ሰው ይረብሻል፤ በዚያ ላይ ፎቶውን ያበላሻል፣ ወርቁ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ሌላው ጥቁር ይሆናል። ይልቅ ስክሪኑ ላይ የበራውን ቦታ ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት። ክንዳችሁን ወንበር ላይ አስደግፉ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ከዚያ ንኩት። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ በሰፊው ሌንስ ካነሣችሁ ሦስቱም እርከን ይገባል። የካሜራ ማቆሚያ መዘርጋት የለም፣ ቦታው አይበቃም።

ሻማ ለማብራት ከፈለጋችሁ ዋጋው ሣጥኑ ላይ ተጽፏል። ሳንቲም ከታችሁ አብሩ። ከውጭ የያዛችሁትን ጧፍ አታብሩ፤ ጭሱ ቅቡን ያጠቁረዋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ከፍራውንኪርሸ ጋር ማምታታት። ያኛው ሁለት ትልልቅ ማማ ያለው ካቴድራል ነው። «ደርሻለሁ፣ ማማው ይታየኛል» ካላችሁኝ የተሳሳተ ቦታ ናችሁ።

በቅዳሴ ሰዓት ለጉብኝት መግባት። ቅዳሴ ከጀመረ ወይ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ ወይ ኋላ ተመለሱ። መሃል ላይ እየተነሡ ጣሪያ ማየት ነውር ነው። ለቁርባን ሰው ሲሰለፍ ኦርቶዶክስ የሆናችሁ አትሰለፉ፤ የእኛ ሥርዓት አይፈቅድም፣ ቁጭ ብትሉም ማንም አያይባችሁም።

አስጎብኚ ተከትሎ የገባ ቡድን መሃል መግባት። 8 ሜትር ስፋት ውስጥ ሃያ ሰው ሲገባ ምንም አይታይም። ውጭ ጠብቁ፣ ቡድን ቶሎ ይወጣል።

ጮክ ብሎ ማውራት። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ሹክሹክታም ይሰማል፣ በአማርኛ የተወራም ቢሆን። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ሊሰማችሁ ይችላል፤ በሙኒክ አበሻ የለም ያለው ማነው?

ፍርግርጉ ተቆልፎ ካገኛችሁት

ይህ ያጋጥማል። ውጭው በር ክፍት ሆኖ ውስጡ ሊቆለፍ ይችላል። አትመለሱ። ከፍርግርጉ ጀርባ መሃል ላይ ቁሙ፣ በብረቶቹ መካከል ሌንሱን አስገቡ፣ ደረጃ 6ን ከዚያው ሆናችሁ ሥሩት። ሦስቱ እርከኖች፣ ዓምዶቹና የተደበቀው መስኮት ብርሃን ከዚያም ይታያሉ። የሚቀርባችሁ የኋላው ጎን፣ የኑዛዜ ሣጥኖቹና አብዛኛው ጣሪያ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን የሰዓት ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ያዙና ሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ።